የአነስተኛ ከተማ የውኃ ታሪፍ አወጣጥ፦ ከቆጣሪ ንባብ እስከ ምክር ቤት ውሳኔ

በብዙ ከተሞች የሚያጋጥመው ነገር ተመሳሳይ ነው። የውኃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤቱ የታሪፍ ማሻሻያ ጥናት ያዘጋጃል፣ ቦርዱ ይቀበለዋል፣ ምክር ቤቱ «ሕዝቡ አይችልም» ብሎ ይመልሰዋል። ወይም ይጸድቃል፤ ከመንፈቅ በኋላ ሲታይ ግን በባንክ ያለው ገንዘብ ያው ነው፣ ፓምፑ ሲቃጠል ለመተኪያ አሁንም ክልል ይለመናል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው ላይ አይደለም፤ ሥራው ከመጨረሻው ተጀምሮ ነው። ውኃው ሳይለካ ዋጋው ይተመናል።

ይህ መመሪያ ከ50,000 በታች ሕዝብ ላላቸው ከተሞች የአገልግሎት ሥራ አስኪያጆች፣ የፋይናንስ ሠራተኞችና የቦርድ አባላት የተጻፈ ነው። የመብራት ታሪፍ የሚወሰነው በፌዴራል ደረጃ ስለሆነ ከተማው በራሱ አካላት የሚመክርበት ዋናው አገልግሎት ውኃ ነው። በምሳሌነት የምንይዛት 30,000 ሕዝብ ያላት ከተማ ለስሌቱ ተብላ የተፈጠረች ናት፤ በቁጥሮቹ ቦታ የራሳችሁን አስገቡ።

ደረጃ 1፦ ዝግጅት

ሥራውን መስከረም ላይ ጀምሩ፤ አዲሱ ታሪፍ ሐምሌ 1 ሥራ ላይ እንዲውል አድርጋችሁ አቅዱ። ይህ የቀን አቆጣጠር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ትልልቆቹ ደንበኞቻችሁ ሆስፒታሉ፣ ትምህርት ቤቶቹ፣ ማረሚያ ቤቱና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ናቸው። በጀታቸው ሐምሌ ላይ ይጀምራል፤ ጥያቄያቸውን የሚያዘጋጁት ግን ከወራት በፊት ነው። የሚጠበቀውን ጭማሪ እስከ የካቲት ድረስ በደብዳቤ ካላሳወቃችኋቸው ዓመቱን ሙሉ «በጀት አልተያዘም» እያሉ ውዝፍ ያከማቻሉ።

የሚከተሉትን በአንድ ፋይል ሰብስቡ፦

• ሙሉ የ12 ወር የቢል መዝገብ፣ በደንበኛ ዓይነት ተለይቶ
• የየጉድጓዱና የየፓምፕ ጣቢያው የመብራት ቢል
• የጄኔሬተር ነዳጅ ወጪ፣ የደመወዝ መዝገብ፣ የባንክ መግለጫ
• የንብረት ዝርዝር፣ እያንዳንዱ ዕቃ ከተተከለበት ዓመት ጋር
• ካለ የብድር ውል
• ክልላችሁ ስለ ከተማ ውኃ አገልግሎት ያወጣው አዋጅ፣ ደንብና መመሪያ

የመጨረሻውን ሳታነቡ አትነሡ። ታሪፍ ማን ያጠናል፣ ማን ያጸድቃል፣ ከክልሉ ቢሮ አስተያየት ያስፈልጋል ወይ የሚለው እንደየክልሉ ይለያያል። በሥነ ሥርዓት ጉድለት የተመለሰ ጥናት ዓመት ያስጠብቃል።

ጥንቃቄ፦ የሦስት ወይም የአራት ወር መረጃ ወስዳችሁ በዓመት አታባዙት። በክረምት ሰው የጣሪያ ውኃ ስለሚያጠራቅም ሽያጭ ይወርዳል። የበጋውን ብቻ ከወሰዳችሁ የማታገኙትን ገቢ ትጽፋላችሁ።

ደረጃ 2፦ ውኃውን መለካት

ጊዜያችሁን እዚህ አጥፉ። ሌላው ሁሉ የተሠራው በዚህ ላይ ነው።

2.1 የሚመረተውን ለኩ። ከጉድጓዱ መውጫ ላይ የሚሠራ ዋና ቆጣሪ ካለ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት አንብቡ። ከሌለ ወይም ከቆመ በሪዘርቫየሩ (በውኃ ማጠራቀሚያው) ለኩ፦ መውጫውን ዝጉ፣ ፓምፑን ለአንድ ሰዓት አሠሩ፣ ውኃው ስንት ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዳለ በመለኪያ ሜትር ለኩ። የውስጥ ስፋቱ 8 ሜትር የሆነ ክብ ሪዘርቫየር ወለሉ 50 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ግማሽ ሜትር ኪዩብ ነው። በሰዓት 1.20 ሜትር ከጨመረ 60 ሜትር ኪዩብ ገባ ማለት ነው። ፓምፑ በቀን 20 ሰዓት ከሠራ 1,200፣ በወር 36,000 ሜትር ኪዩብ ይሆናል። ጉድጓዱ በበጋ ስለሚዳከም ልኬቱን ቢያንስ አንዴ በበጋ፣ አንዴ በክረምት አድርጉ።

2.2 የተሸጠውን ደምሩ። የ12 ወሩን ቢል ደምራችሁ ለ12 አካፍሉ። ምሳሌያችን ውስጥ 23,400 ሜትር ኪዩብ ነው። ልዩነቱ 12,600 ነው፤ ከመቶ 35ቱ ገቢ አላስገኘም። ከዚህ በኋላ ብክነት የምንለው ይህን ነው።

2.3 የጠፋው የት እንደገባ ለዩ። ቧንቧ ላይ የሚፈሰውን ለመገመት ሌሊት ለኩ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት የሪዘርቫየሩን መግቢያ ዘግታችሁ መውጫውን ክፍት ተዉት። በሦስት ሰዓት ውስጥ 30 ሴንቲ ሜትር ከወረደ 15 ሜትር ኪዩብ፣ ማለትም በሰዓት 5 ሜትር ኪዩብ ወጥቷል። ሰው በተኛበት ሰዓት የወጣ ውኃ አብዛኛው ፍሳሽ ነው።

ጥንቃቄ፦ ውኃ በፈረቃ በሚሰጥበት ከተማ ሰው ሮቶ የሚሞላው ሌሊት ነው። ሙከራውን ለሁለት ቀን ያለማቋረጥ ውኃ ካገኘ ሰፈር ጀምሩ፤ ካልሆነ የነዋሪውን ሮቶ ፍሳሽ ብላችሁ ትመዘግባላችሁ።

2.4 የደንበኛ ቆጣሪዎችን ፈትሹ። አሮጌዎቹን መርጣችሁ በጀሪካን ፈትኑ። ጀሪካኑ 20 ሊትር ይባል እንጂ እስከ አፉ ከሞላ ይበልጣል፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ ባዶውን መዝኑ፣ 20 ኪሎ ውኃ ጨምሩበት፣ ውኃው የደረሰበትን በቀለም አስምሩ። እስከ መስመሩ አምስት ጊዜ ሙሉ። ቆጣሪው 100 ሊትር ማሳየት አለበት። 80 ካሳየ ያ ደንበኛ ከአምስት ጀሪካን አንዱን በነጻ ሲወስድ ኖሯል። ውኃውን አንዴ በኃይል፣ አንዴ በቀጭኑ እያወረዳችሁ ፈትኑ፤ አሮጌ ቆጣሪ ቀጭን ፍሰት ብዙ ጊዜ አይቆጥርም።

2.5 በግምት የተጻፉ ንባቦችን ቁጠሩ። ለሦስት ተከታታይ ወራት አንድ ዓይነት ፍጆታ ያለው ደንበኛ ቆጣሪው አልተነበበም ማለት ይቻላል። አንባቢዎችን ከሰፈር ሰፈር አዛውሩ፣ እያንዳንዱን ንባብ በስልክ ፎቶ እንዲያስደግፉ አድርጉ።

ችግር ከገጠመ፦ ብክነቱ ከ10 በመቶ በታች ከወጣ ደስ አይበላችሁ። በአነስተኛ ከተማ ይህ ሲሆን በአብዛኛው ዋናው ቆጣሪ አሳንሶ እየቆጠረ ነው፣ ወይም ቢሉ በግምት አብጧል። 2.1ን በሪዘርቫየር ድገሙ።

ደረጃ 3፦ ወጪውን መመዝገብ

በ1991 ዓ.ም. የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲ አቅጣጫ ግልጽ ነው፦ የገጠር ውኃ ታሪፍ የሥራ ማስኬጃና የጥገና ወጪን ይሸፍን፤ የከተማ ውኃ ታሪፍ ደግሞ ሙሉ ወጪን ይመልስ። ስለዚህ ደመወዝና መብራትን ብቻ ደምሮ ማቆም አይበቃም። የምሳሌ ከተማችን የወር ወጪ፦

• ደመወዝና አበል፦ 380,000 ብር
• መብራት፦ 290,000
• ነዳጅ፦ 90,000
• ክሎሪን፦ 25,000
• ጥገናና መለዋወጫ፦ 110,000
• ቢሮና ትራንስፖርት፦ 55,000
• የመተኪያ ተቀማጭ፦ 150,000
• የብድር ክፍያ፦ 70,000
• ድምር፦ 1,170,000 ብር

ጥናቶችን የሚጥለው የመተኪያ ተቀማጩ ነው። በመዝገብ ያለውን የድሮ የግዢ ዋጋ አትጠቀሙ። ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር የጀመረው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የተገዛ ጠላቂ ፓምፕ ዛሬ በዚያ ዋጋ አይገኝም። በመዝገብ 400,000 ብር ያለው ፓምፕ ዛሬ 1,200,000 ከሆነና 8 ዓመት የሚያገለግል ከሆነ በወር መቀመጥ ያለበት 12,500 ብር ነው፤ በድሮው ዋጋ ብታሰሉት 4,167 ይሆናል። ፓምፑ ሲቃጠል በካዝናችሁ የሚገኘው የመተኪያው ሲሶ ነው። ከአቅራቢዎች ወቅታዊ ዋጋ አስመጡና አያይዙ።

ፓምፕ፣ ሞተር፣ ጄኔሬተርና ቆጣሪ ሙሉ በሙሉ ይካተቱ። ዋና መስመሮችንና ጉድጓድን በአንድ ጊዜ ሕዝቡ ላይ መጫን ትንሽ ከተማ አይችልም፤ በእኔ እምነት በመጀመሪያው ዙር ውጭ ሊቀሩ ይችላሉ፣ ግን እንደቀሩ በጥናቱ ላይ በግልጽ ይጻፍ። ሳይጻፍ ከቀረ ሙሉ ወጪ ተመልሷል ተብሎ ይነበባል።

መብራትን በአምናው ዋጋ አትያዙ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየሦስት ወሩ እያደገ ለአራት ዓመት እንዲሄድ ተደርጓል። ታሪፋችሁ በሚጀምርበት ሩብ ዓመት የሚሆነውን ዋጋ አስገቡ።

በነጻ የሚቀዳ ቢሮ ወይም ተቋም ካለም ቆጣሪ ይተከልለትና ቢል ይውጣለት። ማዘጋጃ ቤቱ ሊከፍልለት ከፈለገ ይክፈል፤ በዝምታ ከነዋሪው ቢል ላይ መነሣቱ ግን ይቅር።

ደረጃ 4፦ የአንድ ሜትር ኪዩብ ዋጋ

ያው 1,170,000 ብር ለሦስት ቁጥሮች ሲካፈል፦

• ለተመረተው 36,000፦ 32.50 ብር
• ለተሸጠው 23,400፦ 50.00 ብር
• ከተሸጠው 90 በመቶው ብቻ ከተከፈለ፣ ማለትም ለ21,060፦ 55.56 ብር

ትክክለኛው ሦስተኛው ነው። ብዙ ጥናት የመጀመሪያውን ይዞ ምክር ቤት ይገባል፤ ጸድቆ ገቢው አልጨምር የሚለው በዚህ ነው። የጠፋ ውኃና ያልተከፈለ ቢል ገንዘብ አያመጡም፣ መብራት ግን በልተዋል።

አሁን ብክነቱ ከ35 ወደ 25 በመቶ ቢወርድ ምን እንደሚሆን አስሉ። የሚሸጠው 27,000፣ የሚከፈልበት 24,300 ይሆናል፤ ዋጋው ወደ 48.15 ብር ይወርዳል። በሜትር ኪዩብ ከሰባት ብር በላይ የሚቀንስ ሥራ በእጃችሁ እያለ ሸክሙን በሙሉ ነዋሪው ይሸከም ማለት አግባብ አይደለም። የብክነት ቅነሳ ዕቅዱን ከታሪፉ ጋር በአንድ ሰነድ አቅርቡ።

ደረጃ 5፦ እርከኖቹን መደልደል

እርከን ማለት ፍጆታ ሲጨምር የአንድ ሜትር ኪዩብ ዋጋ የሚጨምርበት ደረጃ ነው። ከቢሉ የሚከፈለው 90 በመቶ ሆኖ 1,170,000 እንዲገባ 1,300,000 ብር ቢል መውጣት አለበት። ለምሳሌ፦

• ቦኖ፣ 1,800 ሜትር ኪዩብ በ30 ብር፦ 54,000
• መኖሪያ ቤት እስከ 5 ሜትር ኪዩብ፣ 9,000 በ35 ብር፦ 315,000
• መኖሪያ ቤት ከ5 በላይ እስከ 10፣ 5,600 በ58 ብር፦ 324,800
• መኖሪያ ቤት ከ10 በላይ፣ 3,000 በ85 ብር፦ 255,000
• ንግድና ተቋማት፣ 4,000 በ88 ብር፦ 352,000
• ድምር፦ 1,300,800 ብር

የቆጣሪ ኪራይ የምታስከፍሉ ከሆነ ገቢውን ከሚፈለገው ድምር ላይ ቀንሱ፤ እዚህ ለማቅለል ብለን ትተነዋል። የተጨማሪ እሴት ታክስ የሚመለከተው ፍጆታም ካለ ቢሉ ላይ በራሱ መስመር ይታይ፤ የእናንተ ገቢ አይደለም።

ጥንቃቄ፦ ከፍተኛው ዋጋ የሚሠራው በእርከኑ ውስጥ ለገባው ውኃ ብቻ ነው። 12 ሜትር ኪዩብ የተጠቀመ ቤተሰብ ለመጀመሪያው 5 ሜትር ኪዩብ 175፣ ለቀጣዩ 5 ሜትር ኪዩብ 290፣ ለመጨረሻው 2 ሜትር ኪዩብ 170፣ በድምሩ 635 ብር ይከፍላል። ሶፍትዌሩ ወይም ኤክሴሉ 12ቱንም በ85 ካባዛው 1,020 ብር ይወጣበታል። በየከተማው «ታሪፉ ጨመረ» ተብሎ ከሚነሣው ቁጣ አንዱ ክፍል በእርግጥ የስሌት ስህተት ነው።

ደረጃ 6፦ ቦኖና የጋራ ግቢ

ድሃውን ለመርዳት ተብሎ የወጣ ታሪፍ ድሃውን የሚጎዳው በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ነው።

ቦኖ። አንድ ሜትር ኪዩብ 50 ጀሪካን ነው። በ30 ብር ብታስቡት ጀሪካኑ 60 ሳንቲም ይሆናል፤ መልስ ግን ስለሌለ በአንድ ብር ይሸጣል። ስለዚህ ቦኖ የሚቀዳው ሰው ለሜትር ኪዩብ 50 ብር ሲከፍል ግቢው ቧንቧ ያለው ጎረቤቱ በ35 ይጠቀማል። እንግዲያውስ ከሜትር ኪዩብ አትጀምሩ፤ ሰው የሚከፍለውን የጀሪካን ዋጋ ወስኑ። አንዱ መፍትሔ የወር ኩፖን ነው፦ 50 ጀሪካን በ35 ብር ከቢሮ ይሸጥ፣ ለቦኖ አስቀጂዋ ክፍያዋን ጽሕፈት ቤቱ ይክፈላት፣ ይህም በደረጃ 3 ወጪ ውስጥ ይካተት። ዋጋውን ቦኖው ላይ በትልቁ ጻፉት።

የጋራ ግቢ። አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ፣ እያንዳንዳቸው 4 ሜትር ኪዩብ ቢጠቀሙ ቆጣሪው 16 ያሳያል። ቢሉ 975 ብር ይሆናል፤ ለአራት ሲካፈል 243.75። ለብቻው ቆጣሪ ያለው ቤተሰብ ለዚያው 4 ሜትር ኪዩብ የሚከፍለው 140 ነው። ተከራዩ ከባለ ሮቶው በላይ እየከፈለ ነው ማለት ነው። በቀበሌ የተረጋገጠ የቤተሰብ ብዛት ይዛችሁ እርከኖቹን በዚያ አባዙ፤ አራት ቤተሰብ ካለ የመጀመሪያው እርከን እስከ 20 ይሁን። ዝርዝሩን በዓመት አንዴ አድሱ።

ደረጃ 7፦ በእውነተኛ ቢል መሞከር

ወደ ቦርድ ከመሄዳችሁ በፊት ከየሰፈሩና ከየደንበኛ ዓይነቱ እውነተኛ ቢሎችን አውጥታችሁ በአዲሱ ታሪፍ አስሉ። አሮጌው ስንት ነበር፣ አዲሱ ስንት ሆነ፣ ልዩነቱ ስንት ነው? ለመጀመሪያው እርከን ቤተሰቦች የወር ገቢ ግምት ያዙ፤ የውኃ ወጪ ከ3 እስከ 5 በመቶ መብለጥ የለበትም የሚለው መለኪያ በሰፊው ይሠራበታል። ካለፈ ደረጃ 5ን ድገሙ። የአዳራሽ ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ ነው፣ የምክር ቤት አባል ቤቱ ሄዶ የሚያየውም የራሱን ቢል ነው።

ደረጃ 8፦ ቦርድ፣ ሕዝብ፣ ምክር ቤት

ቅደም ተከተሉን አታፋልሱ።

1. ቦርዱ ሰነዱን ከስብሰባው በፊት ያንብበው፤ ሦስቱን የደረጃ 4 ቁጥሮች መናገር የማይችል የቦርድ አባል በመድረክ ላይ አይከላከልላችሁም።
2. የሕዝብ መድረክ በየቀበሌው አድርጉ። የእድር ሰብሳቢዎችን፣ የቦኖ ተጠቃሚ እናቶችንና የሆቴል ባለቤቶችን ለየብቻ ጥሩ፤ በአንድ አዳራሽ ከሆኑ የሚናገረው ሆቴሉ ብቻ ነው።
3. በመድረኩ መጀመሪያ ስለ ብክነቱ ተናገሩ። ሰው «ውኃው መንገድ ላይ እየፈሰሰ እኛን ታስከፍላላችሁ» ከማለቱ በፊት የትኛው መስመር መቼ እንደሚጠገን ይስማ።
4. አስተያየቱንና የተደረገውን ለውጥ በቃለ ጉባኤ አያይዛችሁ ለምክር ቤት ላኩ።
5. ውሳኔው ውስጥ የማስተካከያ አንቀጽ ይኑር። በምሳሌያችን መብራት ከወጪው 25 በመቶ ያህል ነው፤ ስለዚህ መብራት 10 በመቶ ሲጨምር ታሪፉ 2.5 በመቶ ይጨምር ተብሎ ይጻፍ። አለበለዚያ በየዓመቱ ከደረጃ 1 ትጀምራላችሁ።

ምክር ቤቱ ዋጋውን በግማሽ ቢቆርጠው፦ በዝምታ አትቀበሉ። በዚያ ገቢ የማይሠራውን ዝርዝር በዚያው ስብሰባ አቅርቡ፦ ይህን ያህል ቆጣሪ አይተካም፣ ፓምፑ መጠባበቂያ አይኖረውም። ከዚያ በሁለት ወይም በሦስት ዙር የሚያድግ አማራጭ አምጡ፤ የየዙሩ ቀን በአንድ ውሳኔ ይጽደቅ። «ቀሪው ወደፊት ይታያል» የሚል ቃለ ጉባኤ ዙር አይደለም።

ደረጃ 9፦ ማስጀመር

ከመጀመሪያው አዲስ ቢል በፊት ሁሉም ቆጣሪ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይነበብ። ካልሆነ የሰኔ ውኃ በሐምሌ ዋጋ ይከፈላል፤ ያ ቅሬታ ደግሞ ትክክለኛ ቅሬታ ነው። የመጀመሪያውን ወር ቢሎች ከማሰራጨታችሁ በፊት ከየእርከኑ ጥቂቶቹን በእጅ አስሉ። ቢሉ ላይ ያለፈው ንባብ፣ የአሁኑ ንባብ፣ የየእርከኑ መጠንና ዋጋ ይታይ። በባንክና በቴሌብር መክፈል የሚቻልበትን መንገድ ከዚያ ቀድማችሁ ክፈቱ።

ከተጀመረ በኋላ የሚያጋጥሙ

የክፍያ መጠን ከ90 በመቶ ከወረደ። መጀመሪያ ማን እንዳልከፈለ ለዩ። ውዝፉ የተቋማት ከሆነ ከነዋሪው ቧንቧ አትጀምሩ፤ ከፋይናንስ ጽሕፈት ቤቱ ጋር ከበጀታቸው በቀጥታ የሚከፈልበትን ስምምነት ፈርሙ። የቤተሰብ ከሆነ በከፊል የመክፈያ ውል ስጡ፤ የተቆረጠ ቧንቧ ብዙ ጊዜ በሌሊት ተቀጥሎ ከነብክነቱ ይመለሳል።

«ቆጣሪው አየር ይቆጥራል» የሚል ቅሬታ ከበዛ። በፈረቃ ከተማ ይህ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ባዶ የነበረ መስመር ሲሞላ አየሩ ቆጣሪውን ያዞራል። በመስመሩ ከፍተኛ ቦታዎች የአየር ማስወጫ ቫልቭ ትከሉ፣ ጌት ቫልቩንም በዝግታ እንዲከፍቱት ኦፕሬተሮቹን እዘዙ። ቅሬታ ያቀረበውን ደንበኛ ቆጣሪ እሱ ባለበት በተሰመረው ጀሪካን ፈትኑ።

ፍጆታ በድንገት ከወረደ። ሰው ወደ ጉድጓድና ወንዝ ተመልሶ ይሆናል። የመጀመሪያውን እርከን ደንበኞች ከአምናው ተመሳሳይ ወር ጋር አነጻጽሩ፣ ከሰኔ ጋር አይደለም፤ ክረምቱ ራሱ ሽያጭ ይቀንሳልና። ቅናሹ ከክረምቱ በላይ ከሆነና ቦኖ ላይም ከታየ የመጀመሪያውን እርከን ዋጋ ዝቅ አድርጋችሁ ልዩነቱን ከ10 ሜትር ኪዩብ በላይ በሚጠቀሙትና በንግዱ ላይ አስሉ፤ ለቦርዱም እስከ ጥቅምት ድረስ አቅርቡ።

የመተኪያ ተቀማጩ ለደመወዝ ከወጣ። በተለየ የባንክ ሒሳብ አስቀምጡት፤ ያለ ቦርድ ሰብሳቢው ፊርማ እንዳይወጣ ለባንኩ በደብዳቤ አሳውቁ። ቀድሞ የወጣ ካለ በስንት ወር እንደሚመለስ በቀጣዩ የቦርድ ቃለ ጉባኤ ይመዝገብ።